በአንዲት ሻማ ኬሚስትሪን ያስተማረው ማይክል ፋራዳይ

ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1860 ማብቂያ ነው። በለንደን ከተማ፣ በአልቤማርል ጎዳና በሚገኘው የሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ ሕፃናትና ወጣቶች ተሰብስበዋል። ከፊታቸው የቆመው መምህር 69 ዓመቱ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል፤ የማስታወስ ኃይሉም ደክሟል። ስሙን ግን የዓለም ሊቃውንት ሁሉ ያውቁታል። በዚያ ክረምት ለትምህርት የመረጠው ነገር ከማንም ቤት የማይጠፋ ነበር፤ ሻማ።

ይህ መምህር ማይክል ፋራዳይ ነው። በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ተመራማሪዎች አንዱ የሆነ ሰው በእርጅናው ዘመን ለልጆች ስለ ሻማ ለማስተማር የደከመበት ምክንያት ከራሱ ልጅነት ይጀምራል።

ፋራዳይ በ1791 ዛሬ የለንደን አካል በሆነችው በኒዊንግተን ተወለደ። አባቱ አንጥረኛ ነበር፤ ሕመም ስለጸናበት ግን እንደ ልቡ መሥራት አልቻለም። ኑሮ በከበደበት በ1801 ለትንሹ ማይክል በሳምንት የሚደርሰው አንድ ዳቦ ብቻ እንደነበር ይነገራል። ትምህርቱም ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከመጠነኛ ሂሳብ አላለፈም።

በ14 ዓመቱ ጆርጅ ሪቦ ከተባለ መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ዘንድ ለሙያ ተቀጠረ። ሰባት ዓመት በቆየበት በዚያ ቤት የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ያነብ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ለጀማሪዎች ያዘጋጀችው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ነው። ማርሴት ትምህርቱን በአንዲት መምህርትና በሁለት ልጃገረዶች ጭውውት መልክ አቅርባዋለች። ወጣቱ ጠራዥ ያነበበውን እንዲሁ አምኖ አልተቀበለም፤ በጥቂት ሳንቲም በሚገዛቸው ቁሳቁሶች እየሞከረ እውነትነቱን ያረጋግጥ ነበር። ከዓመታት በኋላ ዝናው ሲገን የጥናት ጽሑፎቹን ለማርሴት በመላክ ምስጋናውን ገልጾላታል።

በ1812 የሱቁ ደንበኛ የነበረ አንድ ሰው የታዋቂውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርቶች የሚከታተልበት የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። ፋራዳይ የሰማውን በጥንቃቄ ጽፎ፣ ሥዕል አክሎና በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በመጀመሪያ ክፍት የሥራ ቦታ አልነበረም። በ1813 የቤተ ሙከራው ረዳት ሲሰናበት ግን ዴቪ ወጣቱን አስታወሰው። ፋራዳይ በዚህ ሁኔታ ወደ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ገባ፤ የሥራ ዘመኑንም በዚያው አሳለፈ።

ከዚህ በኋላ የሠራው ብዙ ነው። በ1823 ክሎሪን የተባለውን ጋዝ ወደ ፈሳሽነት ለወጠ፤ በ1825 ቤንዚን በመባል የሚታወቀውን የኬሚካል ውህድ አገኘ። በ1831 ማግኔትን በማንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ፍሰት መፍጠር እንደሚቻል አሳየ፤ አብዛኞቹ የዛሬ የኃይል ማመንጫዎች የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነው። ተማሪዎች ዛሬ በኬሚስትሪ ክፍል የሚማሯቸውን አኖድ፣ ካቶድ፣ ኤሌክትሮላይትና አዮን የተሰኙ ቃላት ከሊቃውንት ጋር ተማክሮ ያስተዋወቀውም እርሱ ነው።

ፋራዳይ እነዚህን ሁሉ እየሠራ የተነሣበትን አልዘነጋም። ሮያል ኢንስቲትዩሽን ከ1825 ጀምሮ በገና ሰሞን ለወጣቶች በሚያዘጋጀው ትምህርት 19 ጊዜ በመምህርነት ቆሟል። ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ስለ ሻማ ያቀረበው ባለ ስድስት ክፍል ትምህርት ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው ሁሉም ከሚያውቀው ነገር ነው። ሻማው ሲበራ ሙቀቱ ሰሙን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ሰም በክሩ አማካይነት ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ትነት ተለውጦ ይነድዳል። ፋራዳይ ይህን ለማሳየት የቀጭን ብርጭቆ ቱቦ አንዱን ጫፍ በነበልባሉ መካከል አደረገ። ትነቱ በቱቦው አልፎ ሲወጣ በሌላኛው ጫፍ እሳት ለኮሰበት፤ ትነቱም በዚያ ነደደ። ሻማውን አጥፍቶም ገና ወደ ላይ በሚወጣው ትነት ላይ እሳት ሲያስጠጋ ነበልባሉ ክሩን ሳይነካ ተመልሶ ተያያዘ።

ቀጥሎ በረዶና ጨው የያዘ ዕቃ ከነበልባሉ በላይ አስቀመጠ። ከዕቃው ሥር የውኃ ጠብታ ተንጠለጠለ። ከእሳት ውስጥ ውኃ መገኘቱ ለልጆቹ ታላቅ ድንቅ ነበር። በሰሙ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ውኃ ይፈጠራል፤ ካርቦኑም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ከሻማው የወጣው ጋዝ ጥርት ያለውን የኖራ ውኃ እንደ ወተት አነጣው። የሰው ትንፋሽም በኖራ ውኃ ላይ ተመሳሳይ ለውጥ አመጣ። ልጆቹ በዚህ የገዛ አካላቸውና የሻማው ነበልባል በአንድ የተፈጥሮ ሥርዓት እንደሚመሩ ተረዱ። መምህሩም ትምህርቱን ሲፈጽም ለባልንጀሮቻቸው እንደ ሻማ ብርሃን እንዲሆኑ ተመኘላቸው።

ይህ ለወጣቶች ያቀረበው የመጨረሻው የገና ሰሞን ትምህርት ሆነ። በ1861 በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ወደ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተተርጉሟል።

ፋራዳይ የባላባትነት ማዕረግን አልተቀበለም፤ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን የቀረበለትንም ጥያቄ አልፈቀደም። በክሪሚያ ጦርነት ዘመን መርዛማ ጋዝ ለማዘጋጀት እንዲተባበር ሲጠየቅም እምቢ ብሏል። በ1867 ሃምፕተን ኮርት በሚገኘው መኖሪያው አርፎ በሃይጌት መካነ መቃብር ተቀበረ።

የተሟላ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ሻማ፣ ብርጭቆና ጥቂት የኖራ ውኃ ግን በቀላሉ ይገኛሉ። በሳንቲም በሚገዛ ቁስ ሙከራን የጀመረው የአንጥረኛው ልጅ ለመምህራንና ለተማሪዎች ያወረሰው ትምህርት፣ ዕውቀት በቅርብ ያለውን ነገር በጥንቃቄ ከማየትና ለምን ብሎ ከመጠየቅ እንደሚጀምር ነው።