አሊስ ሚሊያት፦ ከቀዘፋ ጀልባ እስከ ኦሊምፒክ በር

በዚህ ሴሚስተር በሕይወት የሌለ የአንድ ታዋቂ ሰው ታሪክ እንድንጽፍ ስንታዘዝ አብዛኞቹ የክፍሌ ልጆች ወደ ነገሥታቱና ወደ ደራሲዎቹ ሮጡ። እኔ ግን አንዲት ፈረንሳዊት የጀልባ ቀዛፊ መረጥኩ። ለምን እንደመረጥኳት መጨረሻ ላይ እናገራለሁ። አስቀድሜ ከሴትየዋ ጋር ላስተዋውቃችሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሊስ ሚሊያት በ1884 ናንት በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ተወለደች። በወጣትነቷ ወደ እንግሊዝ ተሻግራ እዚያው ትዳር መሠረተች። ምን ዋጋ አለው፣ ባለቤቷ በ1908 ሞተ፤ ልጅም አልነበራቸውም። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለች ብቻዋን ቀረች። ከዚያ በኋላ በትርጉም ሥራ ራሷን ቻለች፤ የቀረ ጊዜዋን ደግሞ ለስፖርት ሰጠች።

ዋናም ሆኪም ትሞክር ነበር፤ ስሟ ጎልቶ የሚነሳው ግን በቀዘፋ ነው። ቀዘፋ ሲባል ለሽርሽር ሐይቅ ላይ ጀልባ መንዳት እንዳይመስላችሁ። ቀዛፊ ጀርባውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ በእግሩ ይገፋል፣ በወገቡ ይከተላል፣ በመጨረሻ በክንዱ ይስባል። ይህንን በደቂቃ ደጋግሞ ለሰዓታት መቀጠል ቀልድ አይደለም። ሚሊያት በረጅም ርቀት ቀዘፋ 80 ኪሎ ሜትሩን ከ12 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨርሳ የምስክር ወረቀቱን የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ፌሚና ስፖር የተባለው የፓሪስ የሴቶች ክለብ ፕሬዚዳንት ሆነች። በ1919 ደግሞ የፈረንሳይ ሴቶች ስፖርት ፌዴሬሽንን መምራት ጀመረች። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉን የኦሊምፒክ ኮሚቴ አንድ ነገር ጠየቀች፦ የሴቶች አትሌቲክስ በኦሊምፒክ ይግባ። በወቅቱ ሴቶች በቴኒስና በዋና ይወዳደሩ ነበር፤ ሩጫው ግን ዝግ ነበር። የኮሚቴው መሪ ባሮን ፒየር ደ ኩበርቲን የሴቶችን ተሳትፎ በግልጽ የሚቃወሙ ሰው ነበሩ። መልሱም እንደተጠበቀው አይሆንም ሆነ።

እሷ ታዲያ አልቅሳ አልተመለሰችም። በጥቅምት 1921 ዓለም አቀፍ የሴቶች ስፖርት ፌዴሬሽን አቋቋመች። በነሐሴ 1922 ደግሞ ፓሪስ በሚገኘው ፐርሺንግ ስታዲየም የሴቶች ኦሊምፒያድ ብላ ውድድር አዘጋጀች። 5 አገሮች መጡ፣ 11 ዓይነት ውድድሮች ተካሄዱ፣ 20 ሺህ ያህል ተመልካች እንደነበር ተዘግቧል። ከውድድሮቹ አንዱ የ1000 ሜትር ሩጫ ነበር፤ ያሸነፈችውም ፈረንሳዊቷ ሉሲ ብሬያር ናት።

ስታዲየም መሙላቱን ሲያዩ የኦሊምፒኩ ሰዎች ተደናገጡ። ኦሊምፒክ የሚለው ስም የእኛ ነው አሉ። ከብዙ ድርድር በኋላ ሚሊያት ስሙን ለመተው ተስማማች፤ በምላሹ ሴቶች ወደ ኦሊምፒክ አትሌቲክስ እንዲገቡ ነው። በዚህም መሠረት ጨዋታዎቹ የሴቶች የዓለም ጨዋታዎች ተብለው በ1926 በጎተንበርግ፣ በ1930 በፕራግ፣ በ1934 በለንደን ቀጠሉ።

በ1928 የአምስተርዳም ኦሊምፒክ ለሴቶች የተሰጠው የአትሌቲክስ ውድድር 5 ብቻ ነበር። በቁጥሩ ማነስ የተቆጡት የእንግሊዝ ሴቶች ጭራሽ ሳይመጡ ቀሩ። ሚሊያት ግን በዳኝነት ተገኘች። ከአምስቱ አንዱ 800 ሜትር ነበር። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈች፤ ጃፓናዊቷ ኪኑኤ ሂቶሚ ሁለተኛ ወጣች።

በማግስቱ የተጻፈው ዜና ግን ሌላ ነው። ሴቶቹ እንደ ቅጠል ረገፉ፣ ግማሾቹ አቋረጡ ተባለ። አንዳንዱ ጋዜጣ 11 ሯጮች እንደነበሩ ጻፈ። የሮጡት 9 ናቸው፤ ዘጠኙም ጨርሰዋል። ከመስመሩ አልፈው ጋደም ያሉ ነበሩ፤ ይህ ደግሞ ወንዶቹም የሚያደርጉት ነው። ይሁንና ወሬው ሥራውን ሠራ። ርቀቱ ለሴት አይሆንም ተብሎ 800 ሜትር ከሴቶች ኦሊምፒክ ወጣ። የተመለሰው በ1960 ሮም ላይ፣ ከ32 ዓመት በኋላ ነው።

በ1930ዎቹ አጋማሽ የሴቶችን አትሌቲክስ የማስተዳደሩን ሥልጣን ወንዶች የሚመሩት ዓለም አቀፍ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ጠቀለለው። ሚሊያት የገነባችው ድርጅት ፈረሰ፤ እሷም ከመድረኩ ራቀች። በ1957 ፓሪስ ውስጥ ሞታ በትውልድ ከተማዋ ተቀበረች። መቃብሩ ላይ ለረጅም ዓመታት ስሟ እንኳ አልተጻፈም ነበር። የራሷ ስፖርት፣ የሴቶች ቀዘፋ፣ ኦሊምፒክ የገባው በ1976 ሞንትሪያል ላይ ነው፤ እሷ ይህንን አላየችም። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ ግን በሴን ወንዝ ዳር ከቆሙት አሥር የሴቶች ወርቃማ ሐውልቶች አንዱ የእሷ ነበር።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ይኖራል። በ1992 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስትወስድ የሮጠችው በዚያ ተገፍቶ በተከፈተ በር ነው። ትዕግስት አሰፋም በ2024 ፓሪስ ላይ በማራቶን ብር ከማግኘቷ በፊት በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ የተወዳደረችው በዚያው በተከለከለው ርቀት፣ በ800 ሜትር ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ባለፈው ዓመት በግቢያችን የስፖርት ቀን የዜና ልምምድ ስሠራ ስለ ሴቶች 800 ሜትር አንዲት ተማሪ ተዝለፍልፋ ወደቀች ብዬ ጻፍኩ። ዜናዬም ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ከሦስት ቀን በኋላ ልጅቷ ፈልጋ አገኘችኝና ትንፋሿን ለመሰብሰብ ሣር ላይ ጋደም ከማለቷ በቀር ምንም እንዳልሆነች ነገረችኝ። አልጠየቅኳትም ነበር። የወንዶቹ አሸናፊም እኮ እዚያው ሣር ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ስለ እሱ የጻፍኩት ግን ሰዓቱን ብቻ ነው። ያኔ አፍሬ ዝም አልኩ፤ ማረሚያም አላወጣሁም። የአምስተርዳሙን ታሪክ ሳነብ ነው የሠራሁት ጥፋት የገባኝ።

እናም ዘግይቶም ቢሆን ማረሚያው ይኸውና፦ ልጅቷ አልወደቀችም። ሩጫውን ጨርሳለች፤ የወጣችውም ሁለተኛ ነው።