ሻምበል አበበ ቢቂላ

አንድን ሥራ አንድ ጊዜ አሳምሮ መፈጸም ያስመሰግናል። ያንኑ ሥራ ከትናንቱ አሻሽሎ መሥራት ግን የበለጠ ትጋት ይጠይቃል። ለዚህም የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት መልካም ምሳሌ ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ፣ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ጦር ውስጥ በወታደርነት ተቀጠረ። በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ችሎታውን ተመልክቶ ያሠለጥነው ጀመር። ልምምዱም በዘፈቀደ ሳይሆን ፍጥነቱ በሰዓት እየተለካ የሚካሄድ ነበር።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ለኢትዮጵያም የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳሊያ አስገኘ።

እንዲህ ያለ ዝና ያገኘ ሰው ይበቃኛል ቢል ባልተፈረደበት ነበር። አበበ ግን ልምምዱን አላቋረጠም። በ1955 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን 5ኛ በወጣ ጊዜም ተስፋ አልቆረጠም። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ፣ ውድድሩ 5 ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ የትርፍ አንጀት ሕመም ያዘውና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ብዙዎች መወዳደሩን ተጠራጠሩ። እርሱ ግን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድም ቀዳሚ ሆነ። የሮም ሰዓቱን ከ3 ደቂቃ በላይ አሻሻለ። የኦሊምፒክን ማራቶን በተከታታይ 2 ጊዜ በማሸነፍም በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። የሮጠባቸው እግሮች ቢከዱትም የመማር ልማዱ አልከዳውም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወርን ተለማመደ፤ በእንግሊዝ አገርም በአካል ጉዳተኞች ውድድር ተካፈለ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

አበበን ታላቅ ያደረገው ድሉ ብቻ አይደለም። ከድሉም ከውድቀቱም በኋላ ወደ ልምምዱ መመለሱ ነው።

መልመጃ

1. አበበ ከሮም ድል በኋላ ሥራውን ያሻሻለው እንዴት ነው?
2. “አሻሻለ” እና “ተሻሻለ” የሚሉትን ግሦች በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር አስገቡ፤ የትርጉም ልዩነታቸውንም አስረዱ።
3. በኮልፌ 18 ማዞሪያ ወይም በምትኖሩበት ሰፈር ሥራውን ከቀን ወደ ቀን የሚያሻሽል አንድ ባለሙያ መርጣችሁ በሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።