ሉዊስ ታፓን፦ የባርነት ተቃዋሚውና የተዘጋው መዝገብ

በአሜሪካ አፓርታማ ለመከራየት ወይም መኪና በዱቤ ለመግዛት የሚሞክር ሰው አስቀድሞ የሚታይበት የክሬዲት ታሪኩ ነው። ሰዎች ዕዳቸውን የመክፈል ልማዳቸውን መዝግቦ ለአበዳሪዎች መሸጥን በአገሪቱ መደበኛ ንግድ ያደረጉት ሉዊስ ታፓን ናቸው። ስማቸው ይበልጥ የሚነሣው ግን ባርነትን በመቃወም ባደረጉት ትግል ነው።

ታፓን በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኖርዝሃምፕተን ከተማ በ1788 ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1820ዎቹ መገባደጃ ወደ ኒው ዮርክ ሄደው ከታላቅ ወንድማቸው ከአርተር ጋር በሐር ንግድ ተሰማሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች በ1833 የአሜሪካ ፀረ ባርነት ማኅበር ሲመሠረት ከግንባር ቀደሞቹ መካከል ነበሩ፤ የንግድ ትርፋቸውንም ለዓላማው አዋሉ። ይህ አቋማቸው ዋጋ አስከፍሏቸዋል። በ1834 ክረምት ረብሸኞች የሉዊስን ቤት ሰብረው ገብተው የቤት ዕቃቸውን መንገድ ላይ አቃጠሉ።

በ1839 አሚስታድ በተባለችው መርከብ ላይ በአሳሪዎቻቸው ላይ ያመፁ አፍሪካውያን በአሜሪካ ባሕር ኃይል ተይዘው ታሰሩ። ታፓን ኮሚቴ አቋቁመው ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ጠበቆችም እንዲቆሙላቸው አደረጉ። የሜንዴ ቋንቋ የሚያውቅ አስተርጓሚ በኒው ዮርክ ወደብ ከተገኘ በኋላ እስረኞቹ የደረሰባቸውን በራሳቸው አንደበት ለችሎት አስረዱ። በመጋቢት 1841 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጻ አወጣቸው።

በዚያው ዓመት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ታፓን መርካንታይል ኤጀንሲ የተባለውን ድርጅት ከፈቱ። መነሻው ኪሳራ ነበር። በ1837 የገንዘብ ቀውስ ሲፈጠር፣ በየሩቁ ላሉ ነጋዴዎች ዕቃ በዱቤ ይሰጥ የነበረው የወንድማቸው ንግድ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ ክፍያ አቁሞ ነበር። የሩቅ ነጋዴን ታማኝነት በድጋፍ ደብዳቤ ብቻ መመዘን እንደማያዋጣ ታፓን በራሳቸው ቤት አይተዋል።

አሠራሩ ቀላል ነበር። በየከተማው ያሉ ጠበቆች ስለ አካባቢያቸው ነጋዴዎች መረጃ ይልካሉ፤ ወረታቸውም ብዙውን ጊዜ ዕዳ የማስከፈል ሥራ ማግኘት ነበር። የሚላከው ስለ ሀብት ብቻ አልነበረም፤ ስለ ጠባይ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ትዳርም ይጻፍ ነበር። ጸሐፊዎች ይህንን በትልልቅ መዝገቦች ያሰፍራሉ፤ በየዓመቱ የሚከፍሉ ደንበኞች ቢሮ ሲመጡም ያነቡላቸዋል። ስሙ የተመዘገበው ነጋዴ ግን ማን ምን እንዳለበት አያውቅም። እስረኞች ለችሎት እንዲናገሩ የደከሙት ሰው፣ ባለ ጉዳዩ የማይናገርበትን መዝገብ መክፈታቸው የሚያስገርም ነው።

ብዙዎች ተቋሙን ሰላይ አሉት። ትዳሩ ሊፈርስ ነው ተብሎ የተጻፈበት አንድ የኦሃዮ ነጋዴ በስም ማጥፋት ከሰሳቸው፤ በ1851ም የሕዝብ ዳኞች 10,000 ዶላር ፈረዱለት። ክርክሩ ለዓመታት ተጓትቶ በ1870 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረው። ታፓን ግን በ1849 ከንግዱ ወጥተው ለፀረ ባርነቱ ትግል ራሳቸውን ሰጥተው ነበር። የባርነትን መወገድ በዓይናቸው አይተው፣ በ1873 ብሩክሊን ውስጥ ዐረፉ።

የእሳቸው ድርጅት የሚከታተለው ነጋዴዎችን ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ሌሎች ኩባንያዎች የተራውን ሸማች ታሪክ በተመሳሳይ መንገድ ይሰበስቡ ጀመር። በ1970 የወጣው ፍትሐዊ የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ሸማቹ በፋይሉ ያለውን ፍሬ ነገር እንዲያውቅና ስሕተቱን እንዲቃወም መብት ሰጠው። ይሁንና ብድር የተከለከለ ሰው ካልሆነ በቀር ኩባንያዎቹ ያስከፍሉት ነበር። በ2003 በወጣው ሕግ ደግሞ ማንኛውም ሸማች ከሦስቱ አገር አቀፍ ድርጅቶች፣ ማለትም ከኤክዊፋክስ፣ ከኤክስፔሪያንና ከትራንስዩኒየን፣ በየ12 ወሩ አንድ አንድ ቅጂ በነጻ የማግኘት መብት አገኘ። አሁን ሦስቱም በፈቃዳቸው በየሳምንቱ በነጻ እንዲታይ በኢንተርኔት ከፍተውታል። ሪፖርቱን መጠየቅም ሆነ የተሳሳተውን እንዲያርሙ ማመልከት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለዚህ የሚያስከፍል አገናኝ ቢመጣ አያስፈልግም።

የታፓን ድርጅትና የተተኪዎቹ መዝገቦች፣ ከ2,500 በላይ ጥራዞች፣ ዛሬ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። የታሪክ ተመራማሪዎች ያነቧቸዋል፤ በውስጣቸው ስማቸው የሰፈረው ነጋዴዎች ግን ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ሳያዩ አልፈዋል።