ዥዋዥዌን ወደ ክሊኒክ ያስገባችው ሴት

መቼም በየቤታችን አንድ አስቸጋሪ የሚባል ልጅ አይጠፋም። የሸሚዙ ኮሌታ ሥር ያለችው ምልክት ቆረቆረችኝ ብሎ የሚያለቅስ፣ ፀጉሩን ሲቆረጥ ጎረቤት እስኪሰማ የሚጮህ፣ ደረጃ መውረድ የሚፈራ፣ የሚሄድበትን ዕቃ ሁሉ እየገጨ የሚያልፍ። ፍርዱም አይዘገይም፤ ሞልቃቃ ወይም ባለጌ ይባላል። ሕግ ስማር መጀመሪያ ከተነገሩኝ ነገሮች አንዱ፣ ድርጊት ብቻውን ሰውን ወንጀለኛ እንደማያደርግና ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት መረጋገጥ እንዳለበት ነው። ልጅ ስንቀጣ ይህን የምናስታውስ ስንቶቻችን እንደሆንን እንጃ። እኔም ልጆቼን ሳሳድግ አላስታወስኩትም።

ይህንኑ ጥያቄ በሕክምና በኩል ያነሳችው አሜሪካዊቷ አና ጂን ኤይርስ ናት። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1920 (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ ቪሴሊያ ሲሆን፣ ያደገችውም በቤተሰቧ የዋልነት እርሻ ላይ ነው። በ1945 ከሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በኦኩፔሽናል ቴራፒ ተመረቀች። ስሙን የሰማ የሥራ ቅጥር ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። ሙያው ግን ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን እንዲችል መርዳት ነው። የትንሽ ልጅ ተግባር ደግሞ መብላት፣ መልበስና መጫወት ነው።

ኤይርስ በአንጎል ጉዳት የተቸገሩ ሕሙማንን ስትረዳ አንድ ነገር ከነከናት። ጡንቻን ማሠራት ብቻውን አልበቃም፤ አንጎል ከአካል የሚደርሰውን መልዕክት እንዴት ያቀናጃል የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም። መልሱን ፍለጋ ወደ ትምህርት ተመለሰች። በ1954 ማስተርሷን፣ በ1961 በትምህርት ሥነ ልቦና ዶክትሬቷን ያዘች። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ምርምር ተቋም ገባች።

ከዚያ የወጣው ሐሳቧ ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ያልፋል። የውስጥ ጆሮ ስለ ሚዛንና እንቅስቃሴ፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ እጅና እግራችን የት እንዳሉ ለአንጎል ይነግራሉ። ቁልፉን ሳያይ የሚቆልፍ ልጅ የሚተማመነው በዚህ ወሬ ነው። ወሬው ተዛብቶ ወይም ተምታቶ ከደረሰ፣ ዓይኑም ጆሮውም ጤነኛ የሆነ ልጅ ወንበር ላይ መቀመጥ ይከብደዋል፤ ቀላል ንክኪም እንደ ጥቃት ይሰማዋል። ስለዚህ ሕክምናዋ ዥዋዥዌ፣ በደረት ተኝተው የሚነዱት ባለጎማ ሰሌዳና መንጠላጠል ሆነ። ልጁ ይመርጣል፣ ባለሙያዋ ፈተናውን በልኩ ታከብድለታለች። ለሚያልፍ ሰው ጨዋታ ይመስላል፤ የታሰበውም እንዲመስል ነው።

በ1972 ስለ ስሜት ሕዋሳት ቅንጅትና ስለ ትምህርት ችግር የጻፈችው መጽሐፍ ታተመ። ተቃውሞም ገጠማት። እኔ የማደንቀው ግን ከዚያ በኋላ የሠራችውን ነው። በ1970ዎቹ በቶራንስ ከተማ ክሊኒክ ከፈተች፤ በ1979 ደግሞ ለወላጆች በሚገባ ቋንቋ መጽሐፍ ጻፈች። ቤተሰቡ ልጁን የሚያይበት ዓይን ካልተለወጠ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ዥዋዥዌ የትም እንደማያደርስ ገብቷት ነበር ማለት ነው። ተመሳሳይ ችግር ከነበረበት የእህቷ ልጅ ጋር የተጻጻፈቻቸው ደብዳቤዎችም በ2004 ታትመዋል።

በታኅሣሥ 1988 በካንሰር ሞተች። የመጨረሻው የመመዘኛ ፈተናዋ የታተመው በማግስቱ ዓመት ነው።

ክርክሩ አብሯት አልሞተም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012፣ ችግሩ ራሱን እንደቻለ የበሽታ መጠሪያ እንዳይሰጥ፣ ስለ ሕክምናውም ማስረጃው ውሱን መሆኑ ለወላጆች እንዲነገር መክሯል። በ2022 በብሪታንያ የታተመ ሙከራ ደግሞ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ሕክምናው ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ የባህርይ ለውጥ አላሳየም። ከዚያ በፊት ጥሩ ውጤት ያሳዩ አነስተኛ ጥናቶች ነበሩ። እንግዲህ መዝገቡ አልተዘጋም። የሸሚዙን ምልክት በመቀስ ቆርጦ ለመጣል ግን ውሳኔ የሚጠብቅ ወላጅ ያለ አይመስለኝም።