ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ (1904–1967 ዓ.ም.)

ከአገር ርቀው ሕግ ለሚማሩ ልጆቻችን ይሆን ዘንድ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉን ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን።

የካህን ልጅ የሆኑት አክሊሉ በ1904 ዓ.ም. ተወለዱ። በእስክንድርያ የፈረንሳይ ሊሴ፣ ቀጥሎም በፓሪስ ሕግ ተማሩ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራቸውን በወረረች ጊዜ በፓሪስ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሆነው ስለ አገራቸው ተሟገቱ።

የትምህርታቸው ፍሬ በይበልጥ የታየው በየካቲት 1939 ዓ.ም. ነው። ሕግ በተማሩባት በዚያችው ከተማ፣ ከኢጣልያ ጋር የተደረገውን የሰላም ውል በኢትዮጵያ ስም ፈረሙ። ኢጣልያ የኢትዮጵያን ነፃነት አወቀች፤ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍልም ተወሰነባት። የኤርትራ ጉዳይ በተባበሩት መንግሥታት ሲታይም የኢትዮጵያን አቋም ይዘው ተከራክረዋል።

ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ድረስ መንግሥቱን በጠቅላይ ሚኒስትርነት መሩ። ከሥልጣን ወርደው ከታሰሩ በኋላ፣ እንደ ሕግ አዋቂነታቸው ለመርማሪ ኮሚሽኑ ቃላቸውን በጽሑፍ ሰጡ። ይህም ጽሑፍ ከጊዜ በኋላ በመጽሐፍ ታትሟል። ነገር ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወንድማቸውን አካለወርቅን ጨምሮ ከ60 ያህል ሰዎች ጋር ረሸናቸው። አገራቸውን ወክለው በዓለም ሸንጎ የቆሙት ሰው ራሳቸው ለፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ሞቱ።

ነፍሳቸውን ይማር።