ሰዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ (እ.ኤ.አ. 1932–1981)

ሰዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ለኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ መሠረት ከጣሉ ባለሙያዎች አንዱ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ከተማ ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሊቅ ሲሆኑ፣ የብራና መጻሕፍትን በማስጌጥም ይታወቁ ነበር። እናቱን ገና በሕፃንነቱ በሞት ያጣው ገብረ ክርስቶስ ከቀለምና ከብርሃና ጋር የተዋወቀው በዚሁ በአባቱ ቤት ነው።

ከሐረር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ በጉለሌ አቅራቢያ በሚገኘው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ጭምር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ተከታተለ። በዚያ ዘመን በሀገራችን መደበኛ የሥዕል ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ የአሣሣል ጥበብን የተለማመደው በራሱ ጥረት ነበር። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመረውን የእርሻ ትምህርት አቋርጦ የወጣውም ለሥዕል ሕይወቱን ለመስጠት ነው። አስተማማኝ እንጀራ የሚያስገኝ ሙያ ትቶ፣ ገና ገበያም ተመልካችም ወዳልነበረው ጥበብ መግባት ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ኋላ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ጀርመን ሀገር፣ ወደ ኮሎኝ ከተማ ተጓዘ። ትምህርቱን በከፍተኛ ውጤት ፈጽሞ ከተመለሰ በኋላ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ረቂቅ ሥዕሎቹን ለሀገሩ ባህል ባዕድ ናቸው በማለት የነቀፉት ነበሩ። እርሱ ግን እንደ «ጎልጎታ» ባሉ ሥራዎቹ የሕዝቡን እምነትና ሥቃይ በአዲስ መልክ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ዘርፍ ሸለመው።

በገጣሚነቱ «ሀገሬ» የተሰኘው ግጥሙ በብዙዎች ዘንድ ይወደዳል። ከሞቱ በኋላም ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ ታትመዋል። የሀገሩን ፍቅር እንዲህ የገለጸው ሰው በደርግ ዘመን ተሰዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ፣ ኦክላሆማ ግዛት፣ ላውተን ከተማ ዐረፈ።

በጀርመን ሀገር የቀሩ ሥዕሎቹ ግን ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን ጠብቆ ይዟል። ዜጎችም በዚያ ተገኝተው ይህን ቅርስ ሊመለከቱ ይችላሉ።