የራስ ሥዕለ ክርስቶስ ታሪክ



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ ለዚህ መጽሔት አንድ ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ፥ ስለ ሩቅ አገር ጀግና ከምጽፍ ይልቅ እኛ የምንኖርበትን አገር ስለ ገዙ፥ ነገር ግን ብዙዎቻችን ስማቸውን ብቻ ስለምናውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው ብጽፍ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። እኒህም ሰው የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ናቸው። በጽሑፌ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ነው።

ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የዓፄ ሱስንዮስ የእናታቸው ልጅ ነበሩ። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ዙፋን የረጋ አልነበረም። ዓፄ ዘድንግል በ1597 ዓ.ም. በገዛ መኳንንታቸው ተወግተው ሞቱ። ከዚያም ዓፄ ያዕቆብና ሱስንዮስ ስለ መንግሥት ሲዋጉ ቆይተው፥ በ1599 ዓ.ም. እዚሁ በጎጃም ጎል በሚባለው ስፍራ ያዕቆብ ወደቁ፤ ሱስንዮስም ነገሡ። አዲሱ ንጉሥ ወዳጅና ጠላት ተደባልቆ ስለ ጠበቃቸው ከሁሉ ይልቅ የታመኑት በሥጋ ዘመዶቻቸው ነው። በጦር ብርቱ፥ በምክር ብልህ የነበሩትን ወንድማቸውን ሥዕለ ክርስቶስን በ1604 ዓ.ም. ገደማ በጎጃም ላይ የሾሙአቸው ስለዚህ ነው።

በዚያን ጊዜ ከፖርቱጋልና ከእስፓንያ የመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በአገራችን ይኖሩ ነበር። ከእነርሱም ዋናው በ1595 ዓ.ም. የመጡት አባ ጴድሮ ፓኤዝ ናቸው። እኒህ ሰው ግዕዝና አማርኛ ተምረው፥ በትሕትና እየተናገሩ፥ የመኳንንቱን ልብ ለመሳብ የቻሉ ነበሩ። ሥዕለ ክርስቶስም ትምህርታቸውን ሰምተው፥ ከንጉሡ አስቀድመው የሮማን ሃይማኖት ተቀበሉ። ክርክሩ ክርስቶስ አንድ ባሕርይ ነው ወይስ ሁለት ባሕርይ በሚለው ነገር ነበር፤ የቅዳሜ ሰንበት መከበርና ሌላውም ሥርዓት ተጨመረበት።

የራስ ሥዕለ ክርስቶስ ግዛት ለእኛ ለቡሬ ልጆች ሩቅ አገር አይደለም። በ1605 ዓ.ም. ንጉሡ ፍቁር እግዚእ የተባሉትን መልእክተኛቸውንና አባ አንቶንዮ ፈርናንዴዝን በደቡብ በኩል ወደ ባሕር የሚያደርስ መንገድ እንዲፈልጉ በላኩአቸው ጊዜ፥ መንገደኞቹ ራስ ሥዕለ ክርስቶስን ያገኙት ከቡሬ በስተ ምዕራብ ባለችው በወምበርማ ነው። ራስም መንገድ መሪና አጃቢ ሰጥተው ሸኙአቸው። መንገደኞቹ ዓባይን ተሻግረው እናርያን፥ ጀንጀሮንና ከምባታን አልፈው አላባ ደረሱ፤ በዚያ ግን ተይዘው ወደ ኋላ ተመለሱ። አባ ጴድሮ ፓኤዝም በ1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ሰከላ ሄደው የዓባይን ምንጭ በግሽ ዓባይ አይተው ጻፉ። ዛሬ ጠበል ልንጠጣ የምንሄድበት ያ ስፍራ በዓለም መጻሕፍት ውስጥ የገባው በዚያ ዘመን ነው።

አሁን ግን ወደሚያሳዝነው ክፍል መድረሳችን ነው። አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገኙትን ስሞች ልብ ብለህ ተመልከት። ሥዕለ ክርስቶስ ማለት የክርስቶስ ሥዕል ማለት ነው። የንጉሡ ሌላው ወንድም ደግሞ የማነ ክርስቶስ ይባሉ ነበር፤ ይኸውም የክርስቶስ ቀኝ እጅ ማለት ነው። እኒህ ሰው ግን የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ይዘው፥ ከንጉሡ አማች ከዮልዮስ ጋር በንጉሡ ላይ ተማከሩ። በ1609 ዓ.ም. ዮልዮስ ጦር አንሥተው ሲዋጉ ሞቱ፤ ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም በዚያው ጦርነት ተገደሉ። እንዲሁም መልክአ ክርስቶስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የንጉሡ ሹምና የወለተ ጴጥሮስ ባል ሲሆኑ፥ ሁለተኛው በላስታ ሸፍተው ንጉሡን የወጉ ናቸው። ወለተ ጴጥሮስም የአቡነ ስምዖን ልብስ በባላቸው እጅ መግባቱን በሰሙ ጊዜ ቤታቸውንና ሀብታቸውን ትተው መነኑ፤ ስደትንም ታግሠው በጣና ዙሪያ ብዙ ማኅበር አቋቋሙ። እንግዲህ አንዱ ሥዕል፥ አንዱ ቀኝ እጅ፥ አንዱ መልክ ሆነው፥ ሁሉም በአንድ ጌታ ስም እየተጠሩ እርስ በርሳቸው ተራረዱ።

ይህ ነገር በአገራችን ብቻ የሆነ አይምሰለን። በታሪክ ትምህርት እንደ ተማርነው፥ ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በእንግሊዝ አገርም እንዲሁ ሆኗል። ቶማስ ሞር ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የቤተ ክርስቲያን ራስ ናቸው አልልም በማለታቸው በ1527 ዓ.ም. አንገታቸው ተቆረጠ። ሊቀ ጳጳሱ ቶማስ ክራንመር ደግሞ የሮማን ሃይማኖት በመቃወማቸው በንግሥት ማርያም ዘመን በ1548 ዓ.ም. በእሳት ተቃጠሉ። ስማቸው አንድ ነው፤ የሞቱበት ምክንያት ግን ተቃራኒ ነው።

ዓፄ ሱስንዮስ የቅዳሜን ሰንበት ማክበር በዐዋጅ በከለከሉ ጊዜ የዳሞት ሕዝብ ተነሣ። ገበሬውም መነኩሴውም አንድ ሆኖ ወጣ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ጦራቸውን ይዘው ገጠሙአቸው፤ ድልም አደረጉ። ከወደቁት መካከል መነኮሳት ብዙ ነበሩ። ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. ሃይማኖታቸውን በግልጽ ለወጡ፤ አባ ጴድሮ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞቱ። ከእርሳቸው በኋላ በ1617 ዓ.ም. የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ እንደ ፓኤዝ ታጋሽ አልነበሩም። በ1618 ዓ.ም. በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ በፊታቸው ማሉ። ፓትርያርኩም ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፥ አብያተ ክርስቲያናቱም እንደገና እንዲባረኩ አዘዙ። ስለዚህ ሕዝቡ አባቶቹ ሁሉ ሳይጠመቁ የሞቱ ያህል ተቆጠረበትና ተቆጣ።

ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ይህን ያህል ቢደክሙም ባለሟልነታቸው አልጸናም። የሚጠሉአቸው ሰዎች መንግሥትን ይመኛል ብለው ስለ ከሰሱአቸው፥ ንጉሡ ተጠራጥረው ሹመታቸውንና ርስታቸውን ወሰዱባቸው። በ1621 ዓ.ም. ላስታ ሸፈተ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል ቢያደርጉም፥ ስምንት ሺህ ያህል ገበሬ በሜዳው ላይ ወድቆ ቀረ። የሞቱት አረማውያን ወይም የባዕድ አገር ሰዎች አልነበሩም፤ የንጉሡ የራሳቸው ሕዝብ ነበሩ። ዓፄ ሱስንዮስም ልባቸው ተሰብሮ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥታቸውንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በ1625 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐርፈው በአዘዞ በገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ።

ያን ጊዜ የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው የነበሩ መኳንንት አብዛኞቹ ወዲያው ተመለሱ። ብዙዎቹ አስቀድሞም የተከተሉት ሹመትን እንጂ ሃይማኖትን አልነበረም። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ግን እንቢ አሉ። ሀብት አልቀረላቸውም፤ ወንድማቸው በሕይወት የሉም፤ የወንድማቸው ልጅም በቍጣ ይመለከቱአቸዋል። ተመልሰው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ክብራቸው በተመለሰላቸው ነበር። እርሳቸው ግን ያመኑትን አልክድም ስላሉ በሰንሰለት ታስረው ወደ ስሜን ተጋዙ። ከዚያም ግዞት ወደ ጎጃም አልተመለሱም። ዓፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጥተው፥ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ።

እንግዲህ እኒህን ሰው ምን እንበላቸው? እኔ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ ነኝ። አያቴ ደግሞ ቅዳሜ ዕለት ሙቀጫ አታነሣም፤ እህልም አትፈጭም። ከሁለት ዓመት በፊት በዕረፍት ጊዜ አገር ቤት ሄጄ ሳለሁ፥ የተማርሁ መሆኔን ለማሳየት ብዬ ቅዳሜ ጧት መጥረቢያ አንሥቼ በደጃፏ እንጨት ፈለጥሁ። አያቴ አልተቆጣችም፤ አልመከረችኝምም። ነገር ግን የፈለጥሁትን እንጨት እስከ ሰኞ ድረስ ሳትነካው ቀረች፤ ያን ቀን የምትሞቀው እሳት ሳይኖራት ዋለች። እኔም በዚያን ጊዜ አላዋቂ ናት ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

የዳሞትን ገበሬዎች ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ግን መሳቄ አሳፈረኝ። ቡሬ የዳሞት አገር ናት፤ ስለዚያች ቅዳሜ ብለው በራስ ሥዕለ ክርስቶስ ጦር ፊት የቆሙት የእርስዋ አባቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስም በስሜን በሰንሰለት ታስረው ሳለ የጸኑበት ልብ፥ እነዚያ ገበሬዎች በሜዳ ላይ ከጸኑበት ልብ የተለየ አይደለም። የራስ ታላቅነታቸው ሁሉን አጥተው ያመኑትን አለመተዋቸው ነው። በደላቸው ደግሞ ሥልጣን በእጃቸው ሳለ ያንኑ ጽናት በሌላው ሰው ላይ እንደ ወንጀል መቍጠራቸው ነው። ሁለቱንም ሳንደብቅ ልንናገርላቸው ይገባናል።

ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን የምንወጣ ተማሪዎች አንዳንዶቻችን መምህራን፥ አንዳንዶቻችን ሹማምንት እንሆናለን። ያን ጊዜ ከእኛ የተለየ አሳብ ያለው ሰው ሲገጥመን ይህን ታሪክ ብናስታውስ መልካም ይመስለኛል። እኔም በሚመጣው ዕረፍት አገር ቤት ስሄድ የአያቴን እንጨት የምፈልጠው ዓርብ ዕለት ነው።